ኤሌክትሮኑ ከሰሌዳዎቹ መካከል ለምን ይሸሻል?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ደሴ የምኖር የፊዚክስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ በጊዜ በሚለዋወጥ የኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ያለን ኤሌክትሮን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር ማስላት ነው። በ2 ሴንቲሜትር የተራራቁ ሁለት ትይዩ የብረት ሰሌዳዎች ወስጄ ጣሪያው 200 ቮልት የሆነ፣ በ100 ሜጋኸርዝ የሚለዋወጥ ቮልቴጅ ሰጠኋቸው። ኤሌክትሮኑን መሐል ላይ በእረፍት አስቀምጬ መስኩን በሳይን ቅርጽ ከዜሮ አስነሣሁት። መስኩ ወዲያና ወዲህ እኩል ስለሚገፋው መሐል ላይ ይወዛወዛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ፕሮግራሙ ግን አንድ ዑደት እንኳ ሳይሞላ ከሰሌዳው ውጭ ያወጣዋል፤ ካላቆምኩት ሜትሮችን ይጓዛል። የተጠቀምኩት ጊዜን በትናንሽ እርምጃ ከፍሎ እንቅስቃሴን ደረጃ በደረጃ የሚያሰላውን ቀላሉን የኦይለርን ዘዴ ነበር። አማካሪዬ ‹ኦይለር የሌለ ኢነርጂ ይጨምራል፣ ይበልጥ ትክክለኛ የሆነውን የሩንጌ ኩታን ዘዴ ተጠቀም› አሉኝ። ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። የጊዜ እርምጃውን ወደ አንድ ፌምቶሰከንድ (የናኖሰከንድ ሚሊዮንኛ) አወረድኩት፤ አሁን ስሌቱ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሁሉም ከመጀመሪያው ነው። ስህተቱ የት ላይ ነው? ማግኔታዊ መስክና ጨረር ማስገባት ይኖርብኛል? የመጨረሻ ዓላማዬ አንድን ቅንጣት በተለዋዋጭ መስክ ብቻ አንድ ቦታ ይዞ ማቆየት ነው።»

መልስ፦ ፕሮግራምህ የተናገረው እውነቱን ነው። የተሳሳተው የጠበቅኸው ውጤት ነው።

መስኩ በአማካይ ዜሮ መሆኑ ፍጥነቱንም በአማካይ ዜሮ አያደርገውም። መስክ የሚወስነው የፍጥነትን ለውጥ ነውና። ከዜሮ በሳይን ቅርጽ የሚነሣ መስክ በመጀመሪያው ግማሽ ዑደት፣ ማለትም በ5 ናኖሰከንድ ውስጥ፣ ኤሌክትሮኑን ወደ አንድ ወገን ብቻ ይገፋዋል። በቀጣዩ ግማሽ ዑደት አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ይህ ሁለተኛው ግፊት ግን አቅሙ ኤሌክትሮኑ ቀድሞ ያገኘውን ፍጥነት ለማሟጠጥ ብቻ ይበቃል። ዑደቱ ሲያልቅ ኤሌክትሮኑ በደረሰበት ይቆማል እንጂ ወደ መነሻው አይመለስም። ከዚያ አዲስ ዑደት ይጀምራል፣ አሁንም ወደዚያው ወገን ይገፋል። ፍጥነቱ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ምልክቱን ግን አንድም ጊዜ አይቀይርም።

ቁጥሩን በእጅ ማውጣት ይቻላል። 200 ቮልት ለ2 ሴንቲሜትር ሲካፈል የመስኩ ጣሪያ በሜትር 10,000 ቮልት ይሆናል። ይህን በኤሌክትሮኑ ቻርጅ አባዝተህ ለመጠነ ቁሱ ስታካፍል ከፍተኛውን ፍጥንጥነት ታገኛለህ። ፍጥንጥነቱን ለማዕዘናዊው ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ለሁለት ፓይ ጊዜ 100 ሜጋኸርዝ፣ ስታካፍለው በሰከንድ 2,800 ኪሎሜትር ይመጣል፤ የውዝዋዜው የፍጥነት ስፋት ይህ ነው። ይህንኑ አንድ ጊዜ ደግመህ ስታካፍለው 4.46 ሚሊሜትር ታገኛለህ፤ ይህ ደግሞ የውዝዋዜው የቦታ ስፋት፣ ማለትም ከውዝዋዜው መሐል እስከ አንዱ ጫፍ ያለው ርቀት፣ ነው። መስኩ ዜሮ ላይ ሳለ የተለቀቀ ኤሌክትሮን ከዚህ ውዝዋዜ በተጨማሪ በሰከንድ 2,800 ኪሎሜትር የሆነ ቋሚ ጉዞ ይዞ ይሄዳል። በአንድ ዑደት 2.8 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ሰሌዳው ያለው ከመሐል በ1 ሴንቲሜትር ርቀት ስለሆነ 4.3 ናኖሰከንድ ገደማ ላይ ይመታዋል። አንድ ዑደት አይሞላም ብለሃል፤ ግማሽም አይሞላም። ሜትሮችን የተጓዘው ፕሮግራምህ ሰሌዳ የሚባል ነገር መኖሩን ስላልተነገረው ነው። ቅንጣቱ 1 ሴንቲሜትር ሲደርስ ስሌቱን የሚያቆም አንድ መስመር ጨምርበት።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀይር፤ ሳይኑን በኮሳይን ተካ። ኤሌክትሮኑ የሚለቀቀው መስኩ ጣሪያው ላይ ሳለ ነው ማለት ነው። ቋሚው ጉዞ ይጠፋል። ኤሌክትሮኑ ከመሐል ተነሥቶ 8.9 ሚሊሜትር ይሄድና ከሰሌዳው 1.1 ሚሊሜትር ሲቀረው ተመልሶ መነሻው ላይ ይደርሳል፤ እንዲህ እያለ ይኖራል። ልብ በል፣ አሁንም ያሰብከው ዓይነት ውዝዋዜ አይደለም፤ ሁልጊዜ በመሐሉ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። በሁለቱም ወገን እኩል እንዲሆን ከፈለግህ ሲጀመር ከመሐል 4.46 ሚሊሜትር ወደ ተቃራኒው ወገን ፈቀቅ አድርገህ ልታስቀምጠው ይገባል።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ሁሉ የሚወስነው ኤሌክትሮኑ የተለቀቀበት ፌዝ፣ ማለትም በዚያ ቅጽበት መስኩ በዑደቱ ውስጥ የደረሰበት ነጥብ በዲግሪ ሲለካ፣ ነው፤ ውሳኔውም ጥብቅ ነው። ከጣሪያው በአንዲት ዲግሪ ብቻ ዝንፍ ብሎ የተለቀቀ ኤሌክትሮን በየዑደቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ይንሸራተታል። መንሸራተቱ ውዝዋዜው ወዳለበት ወገን ከሆነ በሦስተኛው ዑደት ሰሌዳውን ይመታል፤ ወደ ተቃራኒው ከሆነ ከሃያ ዑደት በላይ ይቆያል። የመመረቂያ ሥራህ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ አንተ ግን እንደ ስህተት ቆጥረህ ልታጠፋው ስትታገል ነው የከረምከው።

አማካሪህ ስለ ኦይለር ያሉት በጠቅላላው ልክ ነው፤ አንተ የገጠመህን ግን አያብራራም። ሁለት በባሕርያቸው የተለያዩ ዘዴዎች አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጡህ፣ የጊዜ እርምጃውን ስታሳጥርም መልሱ ንቅንቅ ሳይል ሲቀር፣ ነገሩ ከስሌት ዘዴ ወጥቶ ወደ ፊዚክስ ገብቷል ማለት ነው። አንተ ይህን ምርመራ ሳታውቀው አከናውነሃል፤ ውጤቱን ማንበብ ብቻ ነው የቀረህ። በትይዩ ሰሌዳዎች መካከል መስኩ በጊዜ እንጂ በቦታ አይለያይም። ስለዚህ ኦይለር እዚህ የሚሠራው አስቀድሞ የታወቀን ኩርባ በቁራጭ በቁራጭ መደመር ብቻ ነው፤ ስህተቱ እየተባዛ የሚሄድበት መንገድ የለም።

ኮሳይኑን ስትሞክር ግን ተጠንቀቅ፤ የኦይለር ጉድ የሚታየው እዚያ ነው። ኦይለር በእርምጃው መጀመሪያ ላይ ያነበበውን መስክ ይዞ እስከ እርምጃው መጨረሻ ይሄድበታል፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርድ መጠምዘዣው መግቢያ ላይ አንዴ መንገዱን አይቶ፣ እስኪወጣ ድረስ መሪውን ሳያንቀሳቅስ እንደሚነዳ ሾፌር ማለት ነው። መስኩ ከዜሮ ሲነሣ ይህ ስህተት በዑደቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይጣፋል። ከጣሪያው ሲነሣ ግን የመጀመሪያው ትልቅ ግፊት በግማሽ እርምጃ ያህል ተርፎ ይቆጠራል፤ ያ ትርፍ እስከ መጨረሻው ሳይጠፋ እንደ ሐሰተኛ ጉዞ ይቀራል። አንድን ዑደት በ100 እርምጃ ከከፈልከው ሐሰተኛው ፍጥነት ከእውነተኛው የውዝዋዜ ፍጥነት 3 በመቶ ብቻ ነው። ትንሽ ይመስላል። በዑደት 0.88 ሚሊሜትር ነው፤ ኤሌክትሮኑ ከሰሌዳው የሚተርፈው ደግሞ በ1.1 ሚሊሜትር ነበር። በመጀመሪያው ዑደት ያመልጣል፤ በሁለተኛው ሰሌዳውን ይመታል። ትክክለኛው ስሌት በጭራሽ አይመታም የሚለውን ኤሌክትሮን ኦይለር በ20 ናኖሰከንድ ውስጥ ይገድለዋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሊፕፍሮግ የሚባለውን ዘዴ ተጠቀም፤ ፍጥነቱን በግማሽ እርምጃ አራምድ፣ በዚያ ፍጥነት ቦታውን ሙሉ እርምጃ አራምድ፣ በአዲሱ ቦታና በአዲሱ ሰዓት ያለውን መስክ አንብብ፣ ከዚያ የፍጥነቱን የቀረ ግማሽ እርምጃ ጨርስ። ከኦይለር የሚበልጠው በሁለት መስመር ያህል ነው። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው «በአዲሱ ሰዓት» የሚለውን ዘንግቶ መስኩን በአሮጌው ሰዓት በማንበብ ነው። በማይለዋወጥ መስክ ይህ ስህተት አይታወቅም፤ በሚለዋወጥ መስክ ግን ያንኑ ሐሰተኛ ጉዞ በጓሮ በር መልሶ ያስገባዋል።

እውነተኛ መሣሪያ ላይስ ፌዙን ማን ይመርጣል? ማንም። የሞገድ ማመንጫው ቀድሞ በርቶ ይጠብቃል፤ ኤሌክትሮኖቹ ከጋለ ሽቦ ወይም ከብረቱ ገጽ የሚወጡት በማንኛውም ቅጽበት ነው። ስለዚህ አንድ ኤሌክትሮን አስልተህ «ኤሌክትሮን እንዲህ ይሆናል» ማለት አትችልም፤ ከ0 እስከ 360 ዲግሪ ያሉትን ፌዞች ሁሉ ማዳረስ አለብህ። ሌላው አማራጭ ኤሌክትሮኑ አስቀድሞ እዚያው አለ፣ ማመንጫው ከዚያ በኋላ በቀስታ ይከፈታል ብሎ ማሰብ ነው። የመስኩን ስፋት ከዜሮ ወደ ጣሪያው በሃያ ዑደት ውስጥ ቀጥ ባለ መስመር ብታሳድገው የሚቀረው ቋሚ ጉዞ ከሙሉው 1 በመቶ አይሞላም፤ ኤሌክትሮኑም በቆመበት ቦታ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። መጀመሪያ በሐሳብህ የነበረው ሥዕል ይህኛው ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ግን የተለያዩ ሙከራዎች ናቸው፤ የትኛውን እንደምታሰላ በጽሑፍህ ውስጥ በግልጽ ካላስቀመጥክ ፈታኙ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው።

ሰሌዳውን የመታው ኤሌክትሮንም ታሪኩ እዚያ አያበቃም። አንተ ባስቀመጥከው ሁኔታ 80 ኤሌክትሮንቮልት ገደማ ኢነርጂ (አንድ ኤሌክትሮን 80 ቮልት ሲያቋርጥ የሚያገኘውን ያህል) ይዞ ይደርሳል፤ እንዲህ ያለ ምት ከብረት ገጽ ላይ ሌሎች ኤሌክትሮኖችን ሊያስወጣ ይችላል። በዚህ ሥራ አትግባበት፤ «የመታው እንደጠፋ ተቆጥሯል» ብለህ ጻፍና እለፍ።

የዘዴ ምርጫ ቁም ነገር የሚሆነው መስኩ በቦታም መለያየት ሲጀምር ነው፤ ወደ መጨረሻ ዓላማህ ስትሄድ ደግሞ ይለያያል። እንደ ጸደይ ወደ መሐል የሚስብ ኃይል ያለበትን ውዝዋዜ ውሰድ። ዑደቱን በ100 እርምጃ ከፍለህ በኦይለር ብታሰላው ኢነርጂው በአንድ ዑደት ብቻ 48 በመቶ ያህል ያድጋል። አማካሪህ ያስጠነቀቁህ ይህንን ነበር፤ እዚህ ላይ ቃል በቃል ልክ ናቸው። አራተኛ ደረጃው ሩንጌ ኩታ በዚያው እርምጃ እጅግ የተሻለ ነው፤ ግን እሱም ኢነርጂን በጥቂት በጥቂቱ ያፈሳል፣ ከአንድ ሚሊዮን ዑደት በኋላ 8 በመቶ ገደማ ይጎድላል። ሊፕፍሮግ ኢነርጂውን አያፈስም፤ ከፍ ዝቅ እያለ በአንድ ክልል ውስጥ ይቆያል። በምትኩ ሰዓቱ ይሳሳታል፤ ውዝዋዜው በአሥር ሺህ አንድ ተኩል ያህል ይፈጥናል፣ ከሚሊዮን ዑደት በኋላ ቅንጣቱ ከእውነተኛው ከመቶ ስድሳ በላይ ዑደት ቀድሞ ይገኛል። እንግዲህ «ቅንጣቱ ታስሮ ይኖራል ወይስ ያመልጣል?» ለሚል ጥያቄ ሊፕፍሮግ፣ «በዚህች ናኖሰከንድ በትክክል የት ነው?» ለሚል ጥቂት ዑደቶችን ብቻ ለሚሸፍን ጥያቄ ሩንጌ ኩታ። ያንተ ጥያቄ የመጀመሪያው ነው። ጠንካራ ማግኔታዊ መስክ ሲጨመር ኃይሉ በፍጥነቱም ስለሚወሰን ተራው ሊፕፍሮግ አይበቃም፤ ጄይ ቦሪስ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበውን ዘዴ ትጠቀማለህ፣ ዛሬም የፕላዝማ ስሌቶች መደበኛ መሣሪያ ነው።

ስለ ሌሊቱ ስሌት። አንድ ፌምቶሰከንድ ማለት አንዱን ዑደትህን በ10 ሚሊዮን እርምጃ መክፈል ነው። 100 ይበቃህ ነበር፤ መቶ ሺህ እጥፍ ሥራ ነው ያለ ጥቅም የጨመርከው። ደንቡ ይህ ነው፤ በሥርዓቱ ውስጥ ያለውን ፈጣኑን ዑደት ፈልግ፣ በ100 ክፈለው፣ አሰላ፣ ከዚያ በ200 ክፈለውና ደግመህ አሰላ። ሁለቱ መልሶች እስከምትፈልገው አኃዝ ከተስማሙ በቃ። ከመጠን በላይ ማሳጠር ጊዜ ከመፍጀቱም በላይ የራሱ በሽታ አለው። ሰዓቱን በየእርምጃው እየደመርክ የምትቆጥረው ከሆነ ኮምፒውተሩ በየመደመሩ የሚያጠጋጋው ኢምንት በቢሊዮን እርምጃ ውስጥ ይከማቻል፣ የመስኩም ፌዝ ይዛባል። ሰዓቱን ሁልጊዜ የእርምጃውን ቁጥር በእርምጃው ርዝመት በማባዛት አስላው። በየእርምጃው ውጤቱን ማያ ገጹ ላይ የምታሳትምም ከሆነ ተው፤ ብዙ ጊዜ ሌሊቱን የሚበላው ስሌቱ ሳይሆን ኅትመቱ ነው። በየመቶው እርምጃ አንዴ ወደ ፋይል ጻፍ።

መብራትን በተመለከተ እኛ አካባቢ ላለ ሰው ከዚህ የተለየ ምክር የለኝም፤ ፕሮግራሙ በየጥቂት ደቂቃው ቦታውን፣ ፍጥነቱንና የእርምጃውን ቁጥር ፋይል ላይ እንዲያስቀምጥ፣ ሲነሣም ያንን ፋይል ፈልጎ ካቆመበት እንዲቀጥል አድርገህ ጻፈው። በአንድ ፋይል ላይ ደጋግመህ አትጻፍ፤ መብራቱ ልክ ሲጽፍ ከጠፋ ፋይሉ ተበላሽቶ ታገኘዋለህ። ሁለት ፋይሎችን በተራ አፈራርቅ።

የፓይተንን ዝግጁ ፈቺዎች ልጠቀም ካልክ ይቻላል፤ ነገር ግን ሳይፓይ በሚባለው የፓይተን የስሌት ጥቅል ውስጥ ያለው ዋናው ፈቺ ካልነገርከው በቀር የሚቀበለው ስህተት አንጻራዊው አንድ ሺህኛ፣ ፍጹማዊው አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አንተ በሜትር እያሰላህ ቅንጣቱ ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ፈቺው እንቅስቃሴውን ከቁጥር አያስገባውም፤ ለስላሳና ትክክል የሚመስል የተሳሳተ ግራፍ ያወጣልሃል። ስለዚህ አኃዶችህን መጀመሪያ አውልቅ። ጊዜን በሰከንድ ሳይሆን በፌዝ ለካ፣ ርቀትን በሜትር ሳይሆን በዚያችው በ4.46 ሚሊሜትር ለካ። ቀመሩ ወደ አንድ ኮሳይን ይጠቃለላል፣ ቁጥሮቹም ሁሉ በአንድ ዙሪያ ይሆናሉ። ከዚህም በላይ 200 ቮልትና 100 ሜጋኸርዝ ይጠፉና አንድ ቁጥር ብቻ ይቀራል፤ ሰሌዳው ከመሐል ያለው ርቀት ለውዝዋዜው ስፋት ሲካፈል። አንተ ዘንድ 2.24 ነው።

ማግኔታዊ መስክና ጨረር ያስፈልጋል ወይ ላልከው፣ አያስፈልግም፤ ምክንያቱን ግን በቁጥር ማስቀመጥ ይገባሃል። የ100 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 3 ሜትር ነው፤ መሣሪያህ ጥቂት ሴንቲሜትር ስለሆነ መስኩ በአንድ ቅጽበት በሁሉም ቦታ እኩል ነው ማለት ይቻላል። ተለዋዋጩ የኤሌክትሪክ መስክ የሚፈጥረው ማግኔታዊ መስክ 2.5 ሴንቲሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ሰሌዳ ጠርዝ ላይ እንኳ ከአንድ ማይክሮቴስላ አያልፍም። የምድራችን ማግኔታዊ መስክ ደሴ ላይ 35 ማይክሮቴስላ አካባቢ ነው፤ አርባ እጥፍ ገደማ። የሚገርመው ጠያቂው ሁሉ ስለ መጀመሪያው ይጨነቃል፣ ሁለተኛውን ማንም አያነሣውም። የምድር መስክ በኤሌክትሮንህ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ከኤሌክትሪኩ ጣሪያ 2 በመቶ አይሞላም፤ ሰሌዳው እስኪደርስ ወደ ጎን የሚያዛባውም ከአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ በታች ነው። መሣሪያው አንድ ሜትር ቢረዝም ኖሮ ግን ችላ ልትለው አትችልም ነበር። በጨረር የሚጠፋው ኢነርጂ በአንድ ዑደት የአንድ ኤሌክትሮንቮልት ትሪሊዮንኛ ያህል ነው፤ እርሳው። ከፍተኛው ፍጥነትም ከብርሃን ፍጥነት 2 በመቶ ስለማይሞላ የኒውተን ሕግ ይበቃሃል።

አንድ ነገር ግን በጥያቄህ ውስጥ ጨርሶ አልተነሣም፤ አየር። ስሌትህ ሁሉ የሚሠራው በቫኪዩም ውስጥ ብቻ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ እኔ ያለሁባት ኮምቦልቻ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ስለምትል ግፊቷ ትንሽ ከፍ ይላል። ለአንተ ኤሌክትሮን ግን ልዩነት የለውም። በሁለቱም ከተሞች አንድ የአየር ሞለኪውል ከሌላው ሳይጋጭ የሚጓዘው ከአንድ ማይክሮሜትር አሥረኛ በታች ነው፤ ኤሌክትሮን ጥቂት እጥፍ ይበልጠዋል፣ ቢሆንም 4.46 ሚሊሜትር ለመወዛወዝ በሺህ የሚቆጠር ግጭት ያልፋል። ግፊቱ ወደ 0.1 ፓስካል ሲወርድ የሞለኪውሉ ነጻ ጉዞ 7 ሴንቲሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ያንተ ሥዕል ትርጉም የሚኖረው ከዚያ በታች ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ጽሑፍህ ውስጥ ካላስገባህ ሥራው በአየር ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል።

ወደ ዓላማህ እንምጣ። በትይዩ ሰሌዳዎች ቅንጣት ማሰር አይቻልም፤ ፌዙን ብታስተካክልም፣ ቮልቴጁን ብታሳድግም አይሆንም። መስኩ በሁሉም ቦታ እኩል ስለሆነ ቅንጣቱን ወደ መሐል የሚመልስ ነገር የለም። በማይለዋወጥ የኤሌክትሪክ መስክም በነጻ ቦታ ላይ የረጋ መቆሚያ እንደማይገኝ ሳሙኤል ኧርንሾ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አረጋግጦታል። የሚያስፈልግህ በጊዜም በቦታም የሚለያይ መስክ ነው። መሐሉ ላይ ዜሮ ሆኖ ወደ ጠርዝ እየበረታ በሚሄድ ተለዋዋጭ መስክ ውስጥ ቅንጣቱ እየተወዛወዘ በጠንካራው ወገን ትንሽ የበረታ ግፊት፣ በደካማው ወገን ትንሽ የላላ ግፊት ያገኘዋል፤ ልዩነቱ ተደምሮ ቀስ እያለ ወደ ደካማው፣ ወደ መሐል፣ ይመልሰዋል። ቮልፍጋንግ ፓውል አራት ዘንጎች ያሉትን መሣሪያ በዚህ መሠረት ሠርቶ ከሃንስ ዴመልት ጋር ለአዮን ወጥመድ ሥራቸው እ.ኤ.አ. የ1989ኙን የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

የአራቱን ዘንጎች ቀመር ስትጽፍ የማቲዩ እኩልታ የሚባለውን ታገኛለህ። ቅንጣቱ መታሰር አለመታሰሩን የሚወስነው አንድ አሃድ አልባ ቁጥር ነው፤ ሁለት ጊዜ ቻርጁ ጊዜ በዘንጎቹ ጥንዶች መካከል ያለው የቮልቴጅ ስፋት፣ ለመጠነ ቁሱ፣ ለመሐል ራዲየሱ ስኩዌርና ለማዕዘናዊው ፍሪኩዌንሲ ስኩዌር ብዜት ሲካፈል። ቋሚ ቮልቴጅ ካልተጨመረ ይህ ቁጥር ከ0.908 በታች ከሆነ ቅንጣቱ ይታሰራል፤ ካለፈ ያመልጣል። ኤሌክትሮኑን ተወውና አንድ ቻርጅ ያለውን የካልሲየም አዮን ውሰድ፤ መጠነ ቁሱ 40 የአቶም መጠነ ቁስ አሃድ፣ ራዲየሱ 5 ሚሊሜትር፣ ፍሪኩዌንሲው 1 ሜጋኸርዝ ይሁን። ድንበሩ 186 ቮልት ገደማ ላይ ይመጣል። 60 ቮልት ላይ አዮኑ በሜጋኸርዙ እየተንቀጠቀጠ፣ ከ100 ኪሎኸርዝ ትንሽ ከፍ ባለ ዝግተኛ ውዝዋዜ መሐሉን ሲዞር ታየዋለህ። 180 ላይ አሁንም ይታሰራል፤ 190 ላይ ይወጣል። ፕሮግራምህ ትክክል መሆኑን የሚፈትንልህ ከዚህ የተሻለ ሚዛን የለም፤ 150 ላይ ካመለጠብህ ወይም 220 ላይ ታስሮ ከቀረልህ ኮድህ ውስጥ ስህተት አለ፣ ክርክር አያስፈልገውም።

ብዙ ቅንጣቶችን በአንድ ላይ ማስላት አሁን አያስፈልግህም። እርስ በርሳቸው መገፋፋታቸው ሲገባ ሺህ ቅንጣት በእያንዳንዱ እርምጃ ግማሽ ሚሊዮን ጥንድ ይሆናል፤ ያ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ዘዴ ነው።

ስለዚህ ምክሬ የማያወላዳ ነው። ሩንጌ ኩታውን አስቀምጠው፣ ፌምቶሰከንዱን ሰርዘው። አኃድ የለሹን ቀመር በሊፕፍሮግ ጻፍ፣ በዑደት 100 እርምጃ ስጠው፣ የሳይኑንና የኮሳይኑን መልስ በእጅ ካወጣኸው ጋር እስኪገጥም አትለፍ። ከዚያ ፌዙን በየዲግሪው እየቀየርክ ኤሌክትሮኑ ሰሌዳውን የሚመታበትን ሰዓት በአንድ ግራፍ አውጣ፤ በኦይለር የወጣውን ደግሞ እዚያው ላይ ደርብና ለአማካሪህ አሳያቸው፣ ያኔ ሁለታችሁም ትክክል የሆናችሁበት ቦታ በዓይን ይታያል። የመጀመሪያው ምዕራፍህ ይኸው ነው። ሁለተኛው አራቱ ዘንጎችና የ186 ቮልቱ ድንበር ናቸው። ከእነዚህ በላይ አትጨምር።

የመጨረሻው ማሳሰቢያ ስሌቱ ሲሳካ መሣሪያውን ልሥራው ለሚለው ፈተና ነው። በቤት ኤሌክትሪክ ፍሪኩዌንሲ የዱቄት ቅንጣት የሚይዙ ወጥመዶች ብዙ ሺህ ቮልት ይጠይቃሉ፤ እንዲህ ያለ ትራንስፎርመር ሰው ይገድላል። የኢንሱሌሽን ሰንጠረዦች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው፤ በደሴው ስስ አየር ብልጭታው ከተጻፈው ባነሰ ቮልቴጅ ይዘላል። ባለሙያና የተሟላ ላቦራቶሪ ሳይኖር አትሞክረው፤ ለዲግሪህ ኮምፒውተሩ ይበቃል።